የመስታወት ቀለም ዕቃ፣ የቀለም ቀንድና የዛጉ የብዕር ጫፎች፦ ከየቱ ልጀምር?

የዕቃ ሳጥን (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከአንድ የድሮ ሳጥን የወጡ የጽሕፈት ዕቃዎች እጄ ላይ አሉ። ልካቸውንም ጽፌያለሁና የምታውቁ እርዱኝ።

አንደኛው አራት ማዕዘን የመስታወት ቀለም ዕቃ ነው። ጎኑ 7 ሳ.ሜ፣ ቁመቱ ከነክዳኑ 9 ሳ.ሜ፣ ታቹ ወፍራም፣ ሲያነሱት ከባድ። ክዳኑም መስታወት ሆኖ በነሐስ ማጠፊያ ተይዟል፤ ግን አልከፈት ብሏል። አንገቱ ላይ ያለው የነሐስ ቀለበት ትንሽ ይወዛወዛል። ውስጡ ጥቁር ቅርፊት አለ፣ ጠርዝ ጠርዙ ቡናማ ነው።

ከዚያ ሁለት የከብት ቀንዶች፦ አንዱ 13 ሳ.ሜ፣ ውስጡ ጥቁር፤ ሌላው 8 ሳ.ሜ፣ ውስጡ ቀይ። ትልቁ ላይ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ነካ ሳደርገው ብናኝ ይረግፋል።

ሦስተኛው ቁንዶ በርበሬ መነስነሻ የሚመስል የነሐስ ዕቃ ነው። አናቱ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለና የተበሳሳ። ከጽሕፈት ዕቃ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም።

በመጨረሻ በትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ 30 ያህል የብረት ብዕር ጫፎች። ግማሾቹ ዝገዋል፤ ደህናዎቹ ላይ በላቲን ፊደል «ጊሎት 303» የሚል ይነበባል።

ምኑ በምን ይጸዳል? ዕድሜያቸው በምን ይታወቃል? ቀንዱን መልሶ ለመጻፍ መጠቀምስ ይቻላል? ትንሹን ቀንድ ሜሪላንድ ላለ ዘመድ የመላክ ሐሳብም አለ።

ቶሎ መላሽ

የመስታወቱን ዕቃ በረኪና በውኃ በጥብጠህ ሞልተህበት አሳድረው፣ ጠዋት ንጹሕ ሆኖ ታገኘዋለህ። ቀንዱን ደግሞ በፈላ ውኃ ዘፍዝፈህ በብሩሽ ፈትገው። አለቀ።

ጄሶና ነሐስ

እባክዎ ከላይ ያለውን ምክር እንዳላዩት ይለፉት። ብረት ያለበት ቀለም ላይ በረኪና ሲያርፍ ጥቁሩ መልክ ይጠፋል፤ ብረቱ ግን ዝገት ሆኖ መስታወቱን ይዞ ይቀራል። ጥቁር እድፍ በቢጫ እድፍ ተለወጠ ማለት ነው። ከዚያ «እስቲ ኮምጣጤ ልጨምርበት» ያሉ እንደሆነ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው።

መጀመሪያ ክዳኑ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣብቀው ቀለሙ ውስጥ ያለው ሙጫ ነው፤ ነሐስ እንደ ብረት ዝጎ አይቆለፍም። ለብ ባለ ውኃ ያራሱትንና በደንብ የጨመቁትን ጥጥ በክዳኑና በቀለበቱ መገናኛ ዙሪያ ጠምጥመው 20 ደቂቃ ያቆዩት። ሦስት አራት ጊዜ ይድገሙት። ማጠፊያው ላይ በስቴኪኒ ጫፍ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጣል አድርገው ያሳድሩት። በነጋታው ከፊት በኩል በአውራ ጣት ወደ ላይ መግፋት ብቻ ነው። ቢላዋ ማስገባት የለም። የመስታወት ክዳን የሚሸረፈው ሁልጊዜ ከዚያ ቦታ ነው፤ ገበያ ላይ ከሚያዩአቸው የተሸረፉ ክዳኖች ብዙዎቹ እንዲህ የተጎዱ ናቸው።

ክዳኑ ሲከፈት ቀለሙን ይለዩ፤ ማጽጃ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በውኃ አርሰው ቅርፊቱን ያሹት። ጥጡ ላይ የወጣው ነገር ጥቁርና ደቃቅ ቅንጣት ያለው ሆኖ የሎሚ ጠብታ ካልለወጠው ከጥቀርሻ የተሠራ ቀለም ነው። ቡናማ አዘል ጥቁር ሆኖ ሎሚ ሲነካው ወደ ፈዛዛ ቢጫ የሚሸሽ ከሆነ የብረት ቀለም ነው። ገና ውኃ ሲነካው ወይን ጠጅ ወይም ደማቅ ቀይ ካለ ደግሞ በፋብሪካ የተሠራ ማቅለሚያ አለበት። የዚህ ዓይነቱ የመጣው እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን በ1856 የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ወይን ጠጅ ማቅለሚያ ካገኘ ወዲህ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

የእርስዎ የጠርዙ ቡናማነት የብረት ቀለም ያስመስለዋል። ይህ ቀለም በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ዋናው የመጻፊያ ቀለም ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ተርብ የምትመስል ትንሽ ነፍሳት ኦክ የሚባለው ዛፍ ላይ እንቁላሏን ስትጥል ቅርንጫፉ ኳስ መስሎ ያብጣል። እብጠቱን ወቅጠው በውኃ ይዘፈዝፉታል፤ የብረት ሰልፌትና ሙጫ ይጨምሩበታል። ወረቀት ላይ ሲያርፍ ገርጣ ያለ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። አሲድነት ስላለው ወረቀትም የብዕር ጫፍም ይበላል።

አሁን እጥበቱ። የሚወዛወዘው ቀለበት ነገሩን ይነግርዎታል፦ እነዚህን ቀለበቶች አንገቱ ላይ ይዞ ያለው ጄሶ ነው። ዕቃውን ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ከነከሩት ጄሶው ይለሰልስና ቀለበቱ ከነክዳኑ እጅዎ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ውኃውን በሲሪንጅ ወደ ውስጥ ይስጡት፤ ከአንገቱ 1 ሳ.ሜ ዝቅ ብሎ ይብቃው። በመጀመሪያ ውኃ ብቻ፣ አንድ ሌሊት። በሲሪንጁ ይምጠጡት። ቀጥሎ በ100 ሚ.ሊ ውኃ 5 ግራም ሲትሪክ አሲድ አሟሙተው ለ2 ሰዓት፤ ካላለቀ ይድገሙት። ሲትሪክ አሲድ ካጡ የተጣራ የሎሚ ጭማቂ ከእኩል ውኃ ጋር ያገለግላል፣ ብቻ ነሐሱን እንዳይነካ። ጥጥ የተጠመጠመበት የቀርከሃ እንጨት ማዕዘኖቹን ያወጣል። አራት ጊዜ ያለቅልቁትና ክዳኑን ከፍተው ሁለት ቀን ያድርቁት።

ውኃው ለብ ያለ እንጂ ትኩስ አይሁን። ታቹ ወፍራም፣ ጎኑ ቀጭን የሆነ መስታወት እኩል አይሞቅም፤ የሚሰነጠቀውም ለዚህ ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ የሚቀር ወተት የመሰለ ጉም ካለ ቆሻሻ አይደለም፣ መስታወቱ ራሱ ተበልቶ ነው። በማጠብ አይለቅምና አይልፉበት።

ቀለበቱን ለማጥበቅ ኢፖክሲ ወይም ሱፐር ግሉ አይጠቀሙ። ነሐስና መስታወት በሙቀት የሚለጠጡበት መጠን ይለያያል፣ ጠንካራ ማጣበቂያ ደግሞ አንገቱን ይሰነጥቀዋል፤ መልሶ ለማውጣትም መከራ ነው። የድሮውን ጄሶ በስቴኪኒ ፍቀው አውጥተው፣ በ2 ማንኪያ ጄሶ 1 ማንኪያ ውኃ በጥብጠው እንደ ወፍራም እርጎ ሲሆን ቀለበቱ ውስጥ ይቀቡ፤ ክዳኑ በትክክል እንደሚገጥም አይተው ያስቀምጡ። የተረፈውን ከመድረቁ በፊት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ። ክዳኑን ለ24 ሰዓት አይንኩት።

ዕድሜውን ከታቹ ይጀምሩ። የእውነት አሮጌ ዕቃ ታች ላይ ያለው ጭረት ርዝመቱም አቅጣጫውም የተዘበራረቀ ነው። ሁሉም ባንድ አቅጣጫ የሄደ እንደሆነ በአሸዋ ወረቀት የተሠራ «እርጅና» ነው። የእንግሊዝ ሥራ ከሆነ ነሐሱን ወይም ታቹን በአጉሊ መነጽር ይዩ፦ የዳይመንድ ቅርጽ ያለው የምዝገባ ምልክት ከ1842 እስከ 1883 ያገለገለ ነው፤ አር እና ዲ የሚሉ የላቲን ፊደላት ከቁጥር ጋር ካሉ ደግሞ ከ1884 ወዲህ ነው። ይህ ንድፉ የተመዘገበበትን ዘመን እንጂ ያቺ አንዷ ዕቃ የተሠራችበትን ዓመት አይነግርም። ነሐሱንም በማንጸባረቂያ ቅባት አይወልውሉት። ቅባቱ ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፣ የዘመኑ ወዝም ይሄዳል። አረንጓዴ ነጠብጣብ ካለ ብቻ በእንጨት ጫፍ ያራግፉት።

መቃ ቀራጭ

ስለ ቀንዱ እኔ ልቀጥል። በቅድሚያ ብናኙ። ቀንድ እንደ ጥፍርና ፀጉር ያለ ነገር ስለሆነ ብል ይወደዋል፤ የሚረግፈው የሚበላው ፍርፋሪ ነው። ቀንዱን ብቻውን በፕላስቲክ ከረጢት አየሩን አውጥተህ እሰረውና ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። ስታወጣው ወዲያው አትክፈተው። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ቀን ከነከረጢቱ ይቆይ፣ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ያ እስኪሆን ከሌሎቹ ዕቃዎች አርቀው፤ በተለይ ብራና ወይም የቆዳ ማኅደር አጠገብ ካለ።

የፈላ ውኃ የተባለው ግን አስደነገጠኝ። ቀንድ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ማንኪያና ማበጠሪያ የሚሠሩ ሰዎች ቀንድ የሚያቀኑትና የሚዘረጉት በዚሁ ነው። ፈልቶ የደረቀ የቀለም ቀንድ አፉ ይጣመማል፣ ሽፋን በሽፋኑ ይላላጣል።

የውስጡንም ቅርፊት ባትነካው ይሻላል። የእኛ ጥቁር ቀለም ከጥቀርሻ የሚሠራ ነው፤ ስሙም ይመሰክራል፣ በግእዝ ማየ ሕመት ይባላል፣ የጥላሸት ውኃ እንደ ማለት። ጥቀርሻው ከምጣድና ከድስት ቂጥ ወይም ከኩራዝ ይሰበሰባል፤ የተቆላና ያረረ እህል፣ ቅጠላ ቅጠልና ሙጫ ይገባበታል፣ ተወቅጦ ለወራት ይብላላል፣ ከዚያ ደርቆ ይቀመጣል። ጸሐፊው ሲፈልግ ቆርሶ በውኃ ያርሰዋል። ስለዚህ ቀንዱ ውስጥ ያለው ድርብርብ ጥቁር ቅርፊት ያ ቀንድ የሥራ ቀንድ እንደነበር ማስረጃው ነው። ጠረገው ማለት ማስረጃውን ጣለው ማለት ነው። ሎሚም በረኪናም ለዚህ ቀለም ምንም አያደርጉትም፤ የሚለቀው ሙጫው በውኃ ሲርስ ብቻ ነው።

ቀዩን በደረቁ እንዳትፍቅ። በብራና መጻሕፍት ላይ ከተገኙት ቀይ ቀለሞች መካከል ሜርኩሪ ያለበት ዓይነት አለ፤ ብናኙ ወደ ውስጥ ባይሳብ ይመረጣል። ትንሹ ቀንድ ቀይ፣ ትልቁ ጥቁር መሆኑም ልክ ነው፤ ቀዩ ለአርእስትና ለቅዱሳን ስሞች ስለሆነ የሚያልቀው በጥቂቱ ነው። ሁለቱ ቀንዶች የቁም ጸሐፊ ጥንድ ይመስላሉ፣ ባትለያያቸው እመክራለሁ። ወደ ውጭ መላኩንም ያዘው። ጥንታዊ ዕቃ ከኢትዮጵያ ለማውጣት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዘመናዊ መሆኑ ቢታወቅ እንኳ ወረቀቱን ይዞ መሄድ ይሻላል።

ሐሰተኛውን ለመለየት፦ ለቱሪስት የሚሸጥ ቀንድ ውስጡ በጫማ ቀለም ይጠቁራል። ጥጥ ላይ ትንሽ ነጭ ጋዝ ነክተህ ብታሸው የጫማ ቀለም ወዲያው ይቀልጣል፤ የጥቀርሻ ቀለም ፍንክች አይልም፣ በውኃ ግን ይለቃል። ጫፉንም እየው። ቀንዱ መሬት ወይም የእንጨት ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቶ ስለሚቆም፣ ሹሉ ጫፍ ላይ ዙሪያውን የተፋቀ ልስላሴ ይኖራል።

መጻፍ ከፈለግህ አዲስ ቀንድ አዘጋጅ፣ ወይም አፉ ላይ የምትገባ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አስቀምጥበትና ከብልቃጧ ንከር። ቀለሙን እንዲህ ጀምር፦ 5 ግራም የግራር ሙጫ በ15 ሚ.ሊ ውኃ አሳድረህ በነጠላ ቁራጭ አጥልለው። 10 ግራም ጥቀርሻ ላይ ጥቂት ጠብታ አልኮል ጣል አድርግ፤ ጥቀርሻ ቅባት ስላለው ያለ አልኮል ውኃው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይርስም። ከዚያ ሙጫውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርክ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በጠፍጣፋ ድንጋይ ፍጨው፤ ማነሱን እንጂ መብዛቱን አትፍራ። በመጨረሻ በውኃ አቅጥነው። አንድ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ጣል ብታደርግበት ቶሎ አይሻግትም። ወረቀት ላይ ደርቆ በጣት ሲነካ ከጠቆረ ሙጫ አንሶታል፤ ካብረቀረቀና ከተሰነጣጠቀ ሙጫ በዝቶበታል።

ለብርዑ ጣት የማያህል፣ ግድግዳው ጠንካራ የሆነ የደረቀ መቃ ምረጥ፤ ውፍረቱ ከ8 እስከ 10 ሚ.ሜ፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር። በጣም ከደረቀ ስትሰነጥቀው ስንጥቁ ወደ ላይ ሮጦ ያበላሸዋል፣ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ አቆየው። በሰላ ካራ 3 ሳ.ሜ ያህል ሸርተት አድርገህ ቁረጥ፣ የውስጡን ለስላሳ ሥጋ አውጣ፣ ሁለቱን ትከሻ እኩል ጥረብ። ስንጥቁ ከ6 እስከ 8 ሚ.ሜ ይበቃዋል፤ ከዚያ እንዳያልፍ በላዩ ላይ የአውራ ጣትህን ጥፍር ተጫን። ጫፉን ጠንካራ እንጨት ላይ አስተኝተህ ባንድ ምት ቁረጥ፣ ስፋቱ ከ1 እስከ 1.5 ሚ.ሜ። ሁለት ጊዜ የተመታ ጫፍ ጥርሱ ይበላለጣል፣ ፊደሉም ጠርዙ ይሻክራል። ፊደላችን ቋሚው ወፍራም አግዳሚው ቀጭን ስለሆነ ጫፉን ከመስመሩ ጋር ትይዩ አድርገህ ነው የምትይዘው፤ ስለ ላቲን ፊደል የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች 45 ዲግሪ አዙር ሲሉህ አትስማቸው።

ለጥቁሩና ለቀዩ ሁለት የተለያየ ብርዕ ያዝ። ጫፉ ቀለም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ወይ ቀለሙ ቀጥኗል ወይ በጣም ጠልቀህ ነክረሃል። የእስላሙ ዓለም ጸሐፊዎች ለዚህ ጥሩ ዘዴ አላቸው፦ ቀለም ዕቃው ውስጥ ሊቃ የሚባል የሐር ክር ትብትብ ይከታሉ፣ ብርዑ ክሩን ነክቶ ልኩን ብቻ ይዞ ይወጣል።

ብልቃጥ ሰብሳቢ

የበርበሬ መነስነሻዋ የአሸዋ ዕቃ ናት። የተጻፈው ቶሎ እንዲደርቅ ደቃቅ አሸዋ ይነሰነስበት ነበር፤ ወይም ደግሞ ከመጻፉ በፊት ቀለም እንዳይሰርግ ወረቀቱን የሚያዘጋጅ የሙጫ ወይም የባሕር እንስሳ አጥንት ዱቄት ይያዝባት ነበር። አናቷ የጎደጎደው በምክንያት ነው፦ የተረፈው አሸዋ ከወረቀቱ ተመልሶ ሲፈስ በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ እንዲገባ። የበርበሬ መነስነሻ አናቱ ወደ ላይ ያበጠ ነው፤ መለያው ይኸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀለም የሚመጥ ወረቀት ሲስፋፋ ሥራ ፈታች። ውስጧ አሸዋ ቀርቶ እንደሆነ አትድፋው፣ በትንሽ ከረጢት ለብቻው ያዘው።

ጊሎት የበርሚንግሃም ነው። ከተማዋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዓለም የብረት ብዕር ጫፍ ዋና መፍለቂያ ነበረች፤ ጆን ሚቼል ከ1822 አካባቢ ጀምሮ በማሽን ማምረት የያዘባት፣ ጆሴፍ ጊሎትና ጆሳያ ሜሰን የከበሩባት። ብረቱን የሚቆርጡት፣ የሚበሱትና የሚሰነጥቁት በእጅ መጫኛ ማሽን የተቀመጡ ሴቶች ነበሩ። 303 እጅግ ቀጭንና ተለጣጭ ጫፍ ነው፤ ለጌጥ ጽሕፈት እንጂ ለአማርኛ ቁም ጽሕፈት አይሆንህም።

የዛጉትን ኮምጣጤ ውስጥ አትክተት። ዝገቱን ሲበላ ደህናውንም ብረት ይበላል፣ ይህን ያህል ቀጭን ነገር አይችለውም። ላዩን ብቻ ያቀላ ከሆነ ባለ አራት ዜሮ (እጅግ ደቃቅ) የብረት ሱፍ ይበቃዋል። ስንጥቁ ውስጥ ከገባ ግን ጣለው። ሙከራው እንዲህ ነው፦ ጫፉን የአውራ ጣት ጥፍር ላይ በቀስታ ተጫን፤ ሁለቱ ጥርሶች እኩል ተከፍተው እኩል መገጠም አለባቸው። አንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ ከቀረ ወረቀት እየጫረ ቀለም ይረጫል።

ያልተነኩት ደግሞ እንዳይዝጉ ዘይት ተቀብተው ስለሚሸጡ ቀለም አይዙም፤ ቀለሙ ላያቸው ላይ እንደ ጤዛ ይንከባለላል። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እሽት አድርጎ ማድረቅ ነው። በክብሪት የሚያቃጥሉ አሉ፤ ከአንድ ሁለት ሴኮንድ ካለፈ ብረቱ ንጥረቱን ያጣና እንደ ለስላሳ የእርሳስ ብረት ተጣሞ ይቀራል።

የዕቃ ሳጥን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክዳኑ በሁለተኛው ቀን ተከፈተ። ሙከራውንም አደረግሁ፦ ጥጡ ላይ የወጣው ጥቁር ሰማያዊ ነው። ሎሚ ሲነካው ጥቁሩ ሄደ፣ ሰማያዊው ግን ቀረ። ይህ ከሦስቱ የትኛው ነው? ጥቀርሻ ቀለሙንስ ቀለም በሚሞላ ብዕር መጠቀም ይቻላል?

ጄሶና ነሐስ

ሁለቱም ነው፤ ሰማያዊ ማቅለሚያ የተጨመረበት የብረት ቀለም። የብረት ቀለም ገና ሲጻፍ ገርጣ ስለሚል ለዓይን እንዲታይ ሰማያዊ ይጨመርበታል፣ ጥቁሩ ቆይቶ ይደርሳል። ሄንሪ ስቲፈንስ ለንደን ውስጥ በ1832 ያቋቋመው የቀለም ድርጅት ስሙን ያገነነው በዚህ ዓይነቱ ሰማያዊ ጥቁር ነው። ማጽጃዎ ያው ሲትሪክ አሲድ፤ የሚቀረውን ሰማያዊ በሳሙናማ ውኃ ያሳድሩት። ከዕድሜ ጋር ግን አያያይዙት፤ የመጨረሻው ተጠቃሚ የሞላው ቀለም ዕቃው ከተሠራ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የተገዛ ሊሆን ይችላል።

ጥቀርሻ ቀለም በሚሞላ ብዕር በፍጹም። ልዊስ ዋተርማን በ1884 የፈጠራ ባለመብትነት ያገኘበት ብዕር ቀለም የሚያወርደው በፀጉር ቀጭን ቦዮች ነው፤ የዛሬዎቹም መሠረታቸው ያው ነው። ጥቀርሻና ሙጫ እዚያ ውስጥ ከደረቁ ውኃ በደንብ ስለማይደርስባቸው በቀላሉ አይለቁም።

መቃ ቀራጭ

የተገላቢጦሹን ከፈለግህ ይሆናል። የሱቅ ቀለም ለመቃ ብርዕ ቀጥኖ ስለሚፈስ፣ በ10 ሚ.ሊ ቀለም ከ5 እስከ 8 ጠብታ የሙጫ ውኃ ጨምረህ ሞክር። ለልምምድ እንጂ ለብራና አታድርገው፤ ብዙው የሱቅ ቀለም ፀሐይ ሲያየው ይገረጣል። ቀንዱን ከበረዶ ቤት ስታወጣው ደግሞ ብናኙን በለስላሳ ብሩሽ ጥረግና ነጭ ወረቀት ላይ አቁመው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ላይ አዲስ ብናኝ ካየህ እንቁላሉ አልሞተም፣ ወደ በረዶ ቤቱ ይመለሳል።